ከሰባቱ ጣሳዎች አንዱ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም። ወይ ብድር ውሰጂ ይሉኛል፣ ወይ ዕጣ ደርሶሻል። ያን ቀን ግን መነጽሬን ስላላደረግሁ የልጄ ቁጥር መስሎኝ አነሳሁት።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ… ማለቴ፣ ወይዘሮ ሰብለ ነዎት?» አለች አንዲት ወጣት በጥድፊያ።

«እማማ» የሚለውን ሳልወድ ዋጥ አድርጌ «ነኝ» አልኩ።

ስሟ ቤዛ ነው። ድሮ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ በሆርቲካልቸር ማዕከሉ ትሠራለች። ማዕከሉ የዕፅዋት ስብስቡን እንደገና እያቋቋመ ስለሆነ የቀድሞ ተማሪዎችን ድጋፍ እየጠየቁ ነው። ጣሪያ ለማሠራት ቃል የገባ አለ፤ ከጓሮው ችግኝ የላከም አለ።

«እርስዎ ጋ ደግሞ አንድ ሬት አለ ሲሉን፣ በቃ፣ በጣም ኤክሳይትድ ሆነን ነው የደወልኩት። ማለቴ፣ ከድሮው ኮሌክሽን የተረፈው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል ተብሏል። እውነት ነው?»

ዞር ብዬ በረንዳዬ ላይ ያለውን ጣሳ አየሁት። 

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። «ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጃ እንዳልኩ ነው። ነይና ውሰጂው፤ ስትመጪ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ልትመጣ የተቀጣጠርነው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ታሪኩን በሐሳቤ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ስደረድረው ሰነበትኩ። በደረደርኩት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይተረተርብኛል።

የሦስተኛ ዓመት ትምህርታችንን በጨረስንበት ዓመት ክረምቱ ቸኩሎ ነበር። ማዕከላችን በግቢው ጥግ ላይ ያለ፣ ትልቅ ስም የተሰጠው ትንሽ ቦታ ነው። መስታወት ቤት እንለዋለን እንጂ መስታወት አልነበረውም፤ ግማሹ ላስቲክ፣ ግማሹ ያረጀ ቆርቆሮ ነው። ውጭ ሲዘንብ ውስጥም ይዘንባል። ለጎመኑ ይሄ ሠርግና ምላሽ ነበር። ውሃ ለሚፈሩት ተክሎች ግን ሞት ነው፤ ከሥራቸው እየበሰበሱ አንድ በአንድ ያልቁ ጀመር።

የስብስቡ ኃላፊ መምህር ይርጋ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ አረም ሲነቅሉ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁት የሚመስሉ ሰው ናቸው። ተማሪ የእሳቸውን ስም ቢረሳ ግድ የላቸውም፤ የተክል ስም የረሳን ግን ሳምንት ሙሉ ያኮርፉታል። አንድ ቀን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ እንደቆሙ፣ «ለክረምት አዲስ አበባ የሚገባ ማነው? ዝናብ የማይገባበት በረንዳ ያለው?» አሉ። እኔ የምኖረው ካዛንቺስ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ደግሞ በረንዳ አላት። እጄን አወጣሁ።

በአሮጌ የወተት ቆርቆሮ የተተከለ፣ ቅጠሉ የሰለለ፣ አቧራ የመሰለ ሬት ሰጡኝ። አንገቱ ላይ በሽቦ የታሰረች፣ ቁጥር በምስማር የተመታባት የቆርቆሮ ታርጋ አለችው።

«ይሄ የበቀለበት ገደል ዛሬ የለም» አሉኝ። «ለመንገድ ጠጠር ተብሎ ተንዷል። እዚያ ሳየው ቢጫ ያብብ ነበር፤ እዚህ ካመጣሁት ወዲህ አላበበም። ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። የቀረን ይሄ አንድ ነው።»

«ከሌላው ሬት በምን ይለያል?»

«በአበባው ነዋ! ሌላው ቀይ ነው የሚያብበው። ቅጠሉን አይተሽ እንኳን አንቺ፣ እኔም አልለየውም።» ከዚያ ጣሳውን ገና ያልለቀቁት ይመስል በእኔ እጅ ላይ እጃቸውን ደረብ አድርገው፣ «ሰብለ፣ ሬትን ጥም አይገድለውም፤ ውሃ ነው የሚገድለው። እንዳታጠጪው። አደራ» አሉ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሬቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተጓዝኩ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት በየመቆሚያው ኮክ እየገዙ ያካፍሉኝ ነበር። የኮኩ ጭማቂ እስከ ክርኔ ሲወርድ ጣሳው ላይ ጠብ እንዳይል አንድ እጄን ወደ መስኮቱ አውጥቼ እበላለሁ። ሰውየው ብዙ ካዩኝ በኋላ «ታቦት ነው እንዴ የያዝሽው?» አሉኝ።

አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። አሰገደች ትባላለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ጣቶቿ ሥራ ሲፈቱ ያማቸዋል። ቤቷ ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነበር። በረንዳዋ ላይ በየዘይት ጣሳው ጤና አዳም፣ ጽጌረዳ፣ በሶብላ ተደርድሯል። ከእነሱ ጋር ደግሞ የራሷ ስድስት ሬቶች ነበሩ። ለቃጠሎ፣ ለፎረፎር፣ ጡት ለምታስጥል እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሬት የሚቆርጠው ከእሷ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ የተራበ?» አለች ያመጣሁትን አይታ።

«የዩኒቨርሲቲው ነው እቴቴ። ከዓለም የቀረው እሱ ብቻ ነው። አደራሽን፣ ውሃ እንዳታጠጪው።»

«ውሃ የሚከለከል ፍጥረት አለ? በሁዳዴ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይጠጣል!»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ አለች። የእቴቴ እሺ ግን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ እሺ ማለት ነው፣ ሌላኛው ደግሞ አንቺ ብቻ ዞር በዪ ማለት ነው። ሐምሌ አልቆ ፍልሰታ ሲገባ ሬታችን መወፈር ጀመረ። ቅጠሉ ሞላ፣ አቧራ የመሰለው መልኩ ጠራ፣ ጎኑን ዘርጋ ዘርጋ አደረገ። እኔ የአዲስ አበባ አየር ተስማማው ብዬ ደስ አለኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ከስድስቱ የሚለየው በታርጋውና በወተት ቆርቆሮው ብቻ ነበር።

ጳጉሜን ስትገባ ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር ጠበል ሄድኩ። በጳጉሜን ዝናቡም ጠበል ነው ይባላል፤ እኛ ግን ራቅ ብለን ተጠምቀን፣ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ጠጉራችን ሳይደርቅ ተመለስን። የካዛንቺስ ቅያስ በሙሉ ውጭ ወጥቶ ነበር። መጋረጃ የሚያጥበው፣ ግድግዳ የሚቀባው፣ ምንጣፍ የሚያራግፈው፣ ሁሉም ይንጫጫል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ለአዲስ ዓመት የሚታደሰው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጣሳውም ይታደሳል። የዛገው ይጣልና ተክሉ ከነአፈሩ ተነስቶ አዲስ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከበር ወይ ከአጥር በተረፈ ቀለም ይቀባል። ይሄ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ለምን እንዳልታሰበኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

እቴቴ ከነቀለም ብሩሿ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «አየሽልኝ? ሙሽራ አስመሰልኳቸው!»

በረንዳው ላይ ሁሉም ጣሳ ሰማያዊ ነው። ሬቶቹ በአንድ መስመር ቆመዋል፤ አንድ ዓይነት ጣሳ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ውፍረት።

«የኔስ የቱ ነው?» አልኳት።

«የቱ የቱ ነው?»

«የዩኒቨርሲቲው!»

ብሩሹ ቆመ። እቴቴ ሬቶቹን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ከዳር እስከ ዳር መልሳ አየች። ከዚያ እፎይ ብላ መሐረቧን ፈታች። «ታርጋውን እንደሆነ አልጣልኩትም፣ ምን በወጣኝ! ይኸውልሽ፤ በአመድ ወልውዬ ነው ያስቀመጥኩልሽ።»

ታርጋዋ እንደ ብር ጌጥ ታበራለች። የምታበራበት አንገት ግን አልነበራትም። ሬቶቹን ስቆጥራቸው ደግሞ ስድስት ናቸው።

«ሰባተኛውስ?»

«ለጽጌ ሰጠኋት።»

ጽጌ ከኋላ ያለውን ክፍል የተከራየች ወጣት ናት። በዚያው ጠዋት እቃዋን ጭና ሰንጋ ተራ እህቷ ቤት ገብታለች። ልጇ ሁለት ዓመት አልፏት ጡት አልተው ብላለች። እቴቴም ለስንብትም ለአውዳመትም ብላ አንዱን ሬት ከነጣሳው አስይዛታለች። የጡቷን ጫፍ ሬት ትቀባና ልጅቷ መርሯት ትተዋለች፤ የእናቶች ሁሉ ዘዴ ነው። የአውዳመት ስጦታ ደግሞ ቅጠል ቆርጦ ተብሎ አይሰጥም አለችኝ እቴቴ፤ ነውር ነው።

 ከሰባቱ አንዱ የመምህር ይርጋ ነው። ከሰባቱ አንዱ ደግሞ ሰንጋ ተራ እየተቆረጠ ነው። ሁለቱ አንድ ይሁኑ አይሁኑ የሚያውቅ ሰው የለም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ፊት ለፊት ተያይተን በምንቀመጥበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ዶሮ እግሬ ሥር ይንጫጫል፣ ቄጠማ ፊቴን ይወጋኛል። የመምህር ይርጋ እጅ አሁንም እጄ ላይ የተደረበ መሰለኝ። ሜክሲኮ ወረድኩና ጭቃውን እየዘለልኩ ጽጌን ስጠይቅ፣ ስጠይቅ፣ ገና ደጅ ሳለሁ የልጅ ለቅሶ ሰማሁ። ስገባ ግን ያለቀሰችው ልጅቷ አይደለችም፤ የእህቷ ልጅ ነው። ልጅቷማ እናቷ ጭን ላይ ተንጋላ ትጠባለች።

«እንዴት ያለ ሬት ነው እትዬ አሰገደች የሰጡኝ?» አለች ጽጌ እየሳቀች፣ ሳቋ ለለቅሶ የቀረበ ነበር። «ቀባሁት። ፊቷን ቋጠረች፣ አየችኝ፣ ከዚያ ልሳው ጠባች! ደግሜ ቀባሁት፤ ደግማ ላሰችው። ሬት ነው ወይስ ማር?»

 የማይመር ሬት! የገደል ሬት ላይመር ይችላላ! የተቆረጠውን ቅጠል አንስቼ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት። መረረኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያን ያህል ያልመረረኝ መሰለኝ። እንደገና ቀመስኩት። ሬት ምን ያህል እንደሚመር ለካ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም።

«ጽጌዬ፣ ልወስደው ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ውይ! የአውዳመት ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ምን አስቀየምኳቸው?»

ስለ ገደሉ፣ ስለ ቢጫው አበባ፣ ስለ አደራው ነገርኳት። ዓይኗ እየፈጠጠ መጣ። «በስመ አብ! ከዓለም አንድ የቀረውን ነው ቀጥፌ ጡቴ ላይ የቀባሁት በይኛ!» አለች። ሁለት ቅጠል ነበር የቆረጠችው። ጣሳውን በጋቢ ጠቅልላ ሰጠችኝና በር ድረስ እየሸኘችኝ፣ «ብቻ የሚመረውን ላኪልኝ» አለች።

ቤት ስደርስ እቴቴ ነገሩን ሰማችና የታይፒስት ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። «እንግዲያው እንቅመሰዋ!»

ከሰባቱም ቁራጭ ቁራጭ አወጣን። በረንዳው ላይ በርጩማ አስጠግተን፣ እሷ ከቀኝ እኔ ከግራ ተቀምጠን ጀመርን። የመጀመሪያው መረረ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ መረረ፣ ወይም የመጀመሪያው ገና አልለቀቀንም ነበር። ሦስተኛው ላይ ውሃ ጠጣን፤ ውሃውም መረረ። እቴቴ «ይሄኛው ለስለስ ይላል» ስትል እኔ ያንኑ እተፋለሁ፤ እኔ «ይሄ ነው!» ስል እሷ ፊቷን እንደ ልጅ ትቋጥራለች። ጽጌ የቆረጠችው ላይ ስንደርስ እንኳን ሬት፣ ማር ቢሰጡን አንለየውም ነበር። የዘመን መለወጫ ዕለት ያ ሁሉ ሽንኩርት የፈሰሰበት ዶሮ ወጥ አፌ ውስጥ ሬት ሬት አለ። እቴቴ ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ልጅቷ ግን እንዴት ጠባችው?» አለች። እኔም ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር።

መስቀል ሲያልፍ መምህር ይርጋ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጡ። ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነግሬያቸው ስለነበር በቀጥታ ቤታችን ነው የደረሱት። በረንዳው ላይ ተንበርክከው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ሰባቱንም ጣሳ አንድ በአንድ አዩ። እቴቴ ነጠላዋን አደግድጋ እንደ ተከሳሽ ቆማለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው መምህር» አለች። «እሷማ ነግራኝ ነበር።»

«ማን እንዲህ አሳመራቸው ወይዘሮ አሰገደች?» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ የማውቀው ሲራብ ነው፤ ጠግቦ አይቼው አላውቅም። አሁን እኔንም ግራ ገባኝ።»

«ይመራል? ቀምሰውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። ጥያቄዬን ይዤ ነበር የሰነበትኩት።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ አንድ ብቻ የቀረን ነገር እንዴት ይቀመሳል?»

ሰባቱንም ወሰዱ። እስኪያብቡ መጠበቅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም አሉ። ጽጌ የቆረጠችው ሬት ግን ከሥሩ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ አዲስ ቡቃያ፣ አውጥቶ ነበር፤ እሷን ቀስ ብለው ገነጠሉና ለእቴቴ ሰጧት። «ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ይቺን እርስዎ ያቆዩልኝ። ውሃም እንደፈለጉ።» እቴቴ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ ሰውየው ይቅር ይበሏት ወይም ይዘኑባት መለየት አቅቶኝ ታርጋዋን እጄ ውስጥ ሳሻት ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ተመርቄ ቢሮ ገባሁ፤ ዕድሜዬን ከተክል ጋር በማይገናኝ ሥራ ጨረስኩት። መምህር ይርጋ ግን አንዱ ሬት ባበበ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር። «ሰብለ፣ አበበ። ቀይ ነው» ይሉና ይዘጋሉ። በዓመታት ልዩነት አምስቱ አበቡ፤ አምስቱም ቀይ። የቀሩት ሁለቱ ሳያብቡ፣ ያው ጣሪያ እያፈሰሰባቸው በአንድ ክረምት በሰበሱ። ከሁለቱ አንዱ ጽጌ የቆረጠችው ነበር። ስለዚህ የእቴቴ በረንዳ ላይ ያለችው የሬት ልጅ ወይ የገደሉ ሬት ናት፣ ወይ አይደለችም። መምህር ይርጋ ባገኙኝ ቁጥር «አበበች?» ይሉኛል፤ «አላበበችም» እላቸዋለሁ። ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ኡራኤል ደጅ ላይ በዘንግ ሲሄዱ ያገኘኋቸው ቀን እንኳ ሰላምታቸው ይሄው ነበር። እሳቸውም አለፉ፣ እቴቴም አለፈች።

ካዛንቺስ ሲፈርስ የእቴቴን ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። ሰው ቁምሳጥንና በር ሲያወጣ እኔ ጣሳዋን አቅፌ ወጣሁ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። እንደ እቴቴ ቤት ሁሉ እዚህም ፀሐይ አታገኝም፤ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ስለሚጋርዳት አታብብም። እውነቱን ለመናገር ወደ ፀሐይ ላውጣት ብዬም አላውቅም።  ምናልባት ቀይ ካበበች እቴቴ ላይ የሚፈረድባት መስሎኝ ይሆናል።

ቤዛ በቀጠሮዋ መጣች፤ ጂንስ ሱሪ፣ ትልቅ ቦርሳ፣ ሁለት ስልክ። የነገርኳትን ሁሉ አፏን ከፍታ ሰማች። ጣሳውን ዙሪያውን ፎቶ አነሳችው፤ ከላዩ ዝገት ሥር የእቴቴ ሰማያዊ ቀለም ትንሽ ትንሽ ይታያል።

«እኛ ጋ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ያብባል» አለች። «ጣሪያውም ሊሠራ ነው፣ በቃ አይበሰብስም። አሁን አንድ ነገር ብቻ… ማለቴ፣ አዲስ ታርጋ ልሠራለት ነው። የተገኘበት ቦታ ምን ልበል?»

 የመምህር ይርጋ ሬት ከሆነ የተገኘው ገደል ላይ ነው፤ ገደሉ የለም። የእቴቴ ከሆነ የተገኘው በረንዳ ላይ ነው፤ በረንዳውም የለም። የቱን ብዬ ብነግራት ቤዛ ሄዳ የምታየው ነገር የለም። ሁለቱ ሰዎች በአንድነት ትዝ አሉኝ፤ እሳቸው ተንበርክከው፣ እሷ አደግድጋ።

«ካዛንቺስ በዪ» አልኳት።

«ካዛንቺስ?» ሳቅ ብላ አየችኝ፤ እንዳልሳቅኩ ስታይ ጻፈችው።

ጣሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን ስትጀምር ዞር አለች። «ቢጫ ካበበ ወዲያው እደውልልዎታለሁ፣ እሺ?»

«ቀይም ቢሆን ደውዪልኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደወል አነሳለሁ። እስካሁን የሚያገኙኝ ብድር ውሰጂ የሚሉት ብቻ ናቸው።